የጋሞ ደጋ የሚከብድባቸው ወራት

ክረምት ሲገባ ልብ እንደሚከብድ ሁሉም ያውቃል። ለምን እንደሚከብድ ሲጠየቅ ግን የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ የሌላ አገር መልስ ነው። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ኖርማን ሮዘንታልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1984 የወቅት ድባቴን ሲገልጹ የተነሱት ከብርሃን ማነስ ነው፤ ቀኑ ሲያጥር እንቅልፍ ይበዛል፣ ጉልበት ይከዳል፣ ሰው ከሰው ይሸሻል። ለዚህ የሚታዘዘውም ጠዋት ጠዋት ለግማሽ ሰዓት ያህል ፊት ለፊት የሚበራ የ10,000 ሉክስ መብራት ነው። ስቶክሆልም ላይ ነገሩ እንዲያ ነው፤ በታኅሣሥ ፀሐይ የምትታየው ስድስት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። እዚያ የሚኖር ወንድማችን በስልክ «ከአልጋ መነሳት አቃተኝ» ሲለን «ምን ጎድሎህ!» ብለን ባንቆጣው መልካም ነው። ከጋሞ ደጋ ግርጌ ያለችው አርባ ምንጭ ግን ከምድር ወገብ በስድስት ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው የምትርቀው። በዓመቱ ረጅምና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው የወቅት ድባቴ የፈረንጅ በሽታ ነው፤ እኛን አይመለከትም» የሚል ሰው አለ። ብርሃን አለመጉደሉ ግን ሌላ ነገር አለመጉደሉን አያሳይም። ክሬግ ሃድሌይና ክሪስታል ፓቲል የተባሉ ተመራማሪዎች በገጠር ታንዛኒያ ልጅ የሚያሳድጉ ሴቶችን በተለያየ ወቅት ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ የቤቱ የምግብ እጦት ከወቅት ወቅት ሲለዋወጥ የጭንቀትና የድባቴ ምልክቱም አብሮ ይለዋወጥ ነበር። ታንዛኒያም እንደኛው ቀኑ እምብዛም የማያጥርባት አገር ናት። እንግዲህ በእኛ ኬክሮስ መንፈስን የሚያከብደውን ወር ለማወቅ ከሰማዩ ይልቅ ጎተራውን ማየት ይበጃል። በደቡብ ኢትዮጵያ ደግሞ ጎተራው የሚጎድልበት ወር ሁልጊዜ ከጨለማው ወር ጋር አይገጥምም። በ2000 ዓ.ም. በደቡብ የደረሰውን «አረንጓዴ ረሃብ» ማስታወስ ይበቃል፤ ማሳው ለምልሞ፣ ምጣዱ ባዶ ነበር።

ደጋው የራሱ ጨለማ የለውም ማለቴ አይደለም። ከአርባ ምንጭ ሙቀት ወደ ጨንቻ ሽቅብ የወጣ ሰው ጭጋጉ ውስጥ ይገባል። ከቀርከሃ የተጎነጎነው የዶርዜ ቤት መስኮት የለውም፤ እሳቱና ጭሱ ውስጥ ነው፣ ከብቱም በአንድ በኩል ይታሰራል። ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ሲወርድ እዚያ ቤት የዋለ ሰው ብርሃን ያገኛል ብሎ የሚከራከር የለም። ሆኖም ደመና የሸፈነው ሰማይ እንኳ ከቤት ውስጥ መብራት ብዙ እጥፍ ይደምቃል፤ ዝናቡ ጋብ ሲል ወጣ ብሎ መዋል ወጪ የለውም፣ ይረዳልም። በዝናቡ ላይ ስጋት ሲጨመር ነው ነገሩ የሚብሰው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎረቤት ጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ ተራራ ተንዶ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል፤ ከሟቾቹ መካከል የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ነበሩበት። ከዚያ ወዲህ ተዳፋት ላይ የሚኖር ሰው ሌሊት የዝናብ ድምፅ ሲሰማ እንቅልፍ ቢያጣ አይፈረድበትም።

ብቸኝነቱም አለ። የጋሞ ሸማኔ መወርወሪያውን ይዞ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሽሮ ሜዳና ጉለሌ ይሄዳል፤ ሚስትና ልጆች ከእንሰቱ ጋር ይቀራሉ። ቤተሰቡ የሚገናኘው ለመስቀል ነው። «ዮ ማስቃላ» ሲባል የተጣላ ይታረቃል፣ የራቀ ይመለሳል፣ ለሚታረደው ከብት ዓመቱን ሙሉ ሲጠራቀም የቆየው ገንዘብ ይወጣል። «ታዲያ ክረምቱ ያከበደውን መስቀል ያቀለዋል፤ ሐኪም ምን ያደርጋል?» የሚለው ተቃውሞ ከሁሉም ጠንካራው ይመስለኛል፤ ብዙዎችን በእርግጥ ያቀልላቸዋልና። ነገር ግን በዓሉ ባዶ እጁን ለተመለሰ ሸማኔ፣ በዚያ ዓመት ባሏን ለቀበረች ሴት፣ ለሥጋው ማዋጣት ላልቻለ ቤት ምን ይሆናል? ጎረቤቱ ሲጨፍር በሩን የዘጋ ሰው በክረምቱ ላይ እፍረት ተጨምሮበታል። ድባቴ የሚባለው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሳይለቅ የቆየ ሐዘን ወይም ነገር ሁሉ ማስጠላት፣ ከእንቅልፍ፣ ከምግብ ፍላጎትና ከጉልበት ለውጥ ጋር ሲሆን ነው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው «በዓል ነው፣ ተነስ» ማለት መድኃኒት አይሆንም።

«ድህነትን በሽታ አታድርጉት» የሚሉም አሉ። ልክ ናቸው፤ ለራበው ሰው ክኒን መስጠት ነውር ነው። ግን ከዚህ የሚከተለው መተው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው ሴፍቲኔት የተባለው የምግብ ዋስትና ፕሮግራም ክፍያው በፈረንጆቹ ዓመት የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት እንዲደርስ የታሰበ ነው፤ ክፍያ መዘግየቱም ተደጋጋሚ ቅሬታ ነው። እኔ የዘገየ ክፍያን የአእምሮ ጤና ጉዳይ አድርጌ ነው የማየው፤ ገንዘቡ የሚያስፈልገው እናት ልጆቿን ምን እንደምታበላ ስታስብ በምታድርበት ወር ነውና። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደግሞ ለክትባትና ለእናቶች ጤና በየቤቱ መግባቷ ካልቀረ፣ እህል ከሚያልቅበት ወር ጀምሮ «እንቅልፍ እንዴት ነው? ሰው ትጠይቂያለሽ ወይ?» ብትል ብዙ አይከብዳትም። ከመስቀል ሁለት ሳምንት በኋላም ተመልሳ ብትሄድ፣ እህሉ ገብቶ፣ ዘመድ መጥቶ ሄዶ አሁንም ከቤቱ ያልወጣውን ታገኘዋለች። ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ያለበት እሱ ነው፤ እዚያም የሚቀበለው የሠለጠነ ባለሙያና ያላለቀ መድኃኒት ሊጠብቀው ይገባል።