ወንዝ ርስቱን አይለቅም

የደረቀ ወንዝ የሞተ ወንዝ አይደለም። ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፈው ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ስለሆነ መንገድ ወይም ገበያ ይመስላል፤ በዳርቻውም ብዙ ሰው ቤት ሠርቶ ይኖር ነበር። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ ግን በሐረርጌ ደጋ የዘነበው ዝናብ ከተማው ተኝቶ ሳለ በሌሊት ደርሶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ገደለ።

ጥፋቱን ሁሉ በዝናቡ ላይ መጫን ቀላል ነው። ዳሩ ግን ደጋው ሲራቆት፤ ከተማውም ያለ ፕላን ሲሰፋ ውሃው የሚሰርግበትም የሚያልፍበትም ስፍራ ያጣል። ድሃው በወንዝ ዳር የሚሠራው አደጋውን ንቆ ሳይሆን ሌላ ቦታ አጥቶ ነው። ስለዚህ የጎርፍ መከላከያ ግንብ ብቻውን አይበቃም። እናንተ ዛሬም ሆነ ነገ ለሕዝብ መሬት የምትመሩ ወጣቶች፤ በወረቀቱ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት በክረምት ወደ ወንዙ ወርዳችሁ የውሃውን ወሰን እዩ፤ ለድሃውም ከዚያ ወሰን ውጭ ቦታ ፈልጉለት።