የመንዝ ጓሳ እንዴት ሊያገግም ቻለ?

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ የሚገኘው የጓሳ ደጋ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ስሙን ያገኘው ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለከብት መኖ ከሚያገለግለው የጓሳ ሣር ነው። የተጎዳ መሬት እንደገና ነፍስ ይዘራ እንደሆነ ለሚጠይቁ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ይህ ሥፍራ ጥሩ ማስረጃ ይሆናቸዋል።

ጓሳን የአካባቢው ባለርስቶች ለብዙ ዘመናት በሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። ሣሩ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ተከልክሎ ከቆየ በኋላ በበጋ ይከፈታል፤ በቅድሚያ ይታጨዳል፣ ቀጥሎ ከብት ይገባበታል፣ ክረምቱ ሲገባ ሁሉም ለቆ ይወጣል። ድርቅ ለጠናበት ዓመትም መጠባበቂያ ነበር። የጊዜው ልክ በዘፈቀደ የተወሰነ አይደለም። በዚያ ብርድ ሣር የሚያድገው በዝግታ ነው። ሥሩና ጉቻው ደህና ከሆነ ከታጨደ በኋላ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ገና ሳይጠነክር በላይ በላዩ ከተጋጠና ከተረገጠ ግን ጉቻው እየሳሳ ይሄዳል፣ ባዶውን ቦታ ቁጥቋጦ ይይዘዋል፣ አፈሩንም ጎርፍ ይጠርገዋል።

የደጋው ኑሮ በሣሩ ብቻ የቆመ አይደለም። ፍልፈልና አይጥ አፈሩን እየማሱ ይገለብጡታል፤ ቀይ ቀበሮ ደግሞ እነሱን እያደነ ይኖራል። (በግ ይጨርሳል እየተባለ የሚታማው ይህ እንስሳ ዋና ምግቡ አይጥ መሆኑን ለአባላት ማስረዳት ያሻል።) ሣሩ ሲሳሳ በመጀመሪያ የአይጡ መጠለያ፣ ቀጥሎም የቀበሮው ቀለብ ይጎድላል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የባለርስቱ መብት ቀረ። ርስት የሌለው ገበሬ ከጓሳ ተገልሎ ይኖር ስለነበር ለውጡ የሚገባ ነበር። ይሁን እንጂ ከመብቱ ጋር የመክፈቻና የመዝጊያው ሥርዓት አብሮ ፈረሰ። የሣሩ ተፈጥሮ ግን በአዋጅ የሚለወጥ አልነበረም። ሁሉም በፈለገው ጊዜ ከብቱን ስለሰደደና ማገዶውን ስለለቀመ ጓሳ ተጎዳ።

መፍትሔው የመነጨው ከራሳቸው ከገበሬዎቹ ነው። አጎራባች የገበሬ ማኅበራት ተመካክረው የጓሳ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ የጥበቃው ኃላፊነትም ከጥቂት ባለርስቶች ወደ አባላቱ ሁሉ ተላለፈ። ክልሉም እ.ኤ.አ. በ2012 ሥፍራው በማኅበረሰቡ እንዲጠበቅ በሕግ አጸናው።

ዝናብ ባጠረ ቁጥር «ይከፈትልን» የሚለው ግፊት በመሪው ላይ እንደሚበረታ ግልጽ ነው። ለችግር ዓመት መክፈት ጥፋት አይደለም፤ ጥንትም ይደረግ ነበር። አስቸጋሪው ተከፍቶ የቆየውን መልሶ መዝጋቱ ነው። ስለዚህ የመዝጊያው ቀን ከመክፈቻው ቀን ጋር ባንድነት ተወስኖ፣ አንድ ከብት እንኳ ሳይገባ በፊት፣ በጠቅላላ ጉባዔ ሊነገር ይገባል።

እርሻ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የገብስ ማሳ ወደ ደጋው በተገፋ ቁጥር ጉቻው ከነሥሩ ይነቀላል። ማጭድ ያለፈበት መሬት በጥቂት ዓመታት ሲያገግም፣ ማረሻ ያለፈበት ግን መልሶ ጓሳ ለመሆን እጅግ ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል። ከዚህ ደጋ የሚነሣው ውሃ ከፊሉ ወደ አባይ፣ ከፊሉ ወደ አዋሽ የሚወርድ በመሆኑ፣ የጠርዙ ማኅበራት ወሰናቸውን በድንጋይ ምልክት ለይተው ቢያስከብሩ ከመንዝ ውጭ ያለውም ገበሬ ተጠቃሚ ይሆናል።