ጊታርና ተዋጊ አውሮፕላን

የድሮ ኤሌክትሪክ ጊታርና የድሮ ተዋጊ አውሮፕላን ይመሳሰላሉ ብዬ ብነሳ «ምን ነካው ይሄ ሰውዬ!» ትሉኝ ይሆናል። እስቲ ታገሱኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ወደ ቤታችን ይመጣል።

ሊዮ ፌንደር የሚባለው አሜሪካዊ የሬዲዮ ጥገና ባለሙያ ነበር፤ ጊታር መጫወት እንኳ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለገበያ ያቀረበው ቴሌካስተር ድፍን ጣውላ ነው። አንገቱ በሙጫ አልተጣበቀም፤ በ4 ብሎን ታስሯል። ከተበላሸ ፈትቶ መቀየር ነው። ሙስታንግ የተባለው ተዋጊ አውሮፕላንም በዚያው በደቡብ ካሊፎርኒያ ተነድፎ እ.ኤ.አ. በ1940 የበረረ፣ በፋብሪካ በብዛት እንዲመረት የታሰበ ነው።

በሌላው ወገን እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው የጊብሰን ሌስ ፖል አለ። ፊቱ ጎበጥ ተደርጎ የተጠረበ፣ አንገቱም በሙጫ የተጣበቀ ነው። እሱን የሚመስለው እ.ኤ.አ. በ1936 የበረረው የእንግሊዞቹ ስፒትፋየር ነው፤ ሞላላ ክንፉ ለዓይን ያምራል፣ ለሠራተኛ ግን ፈተና ነበር።

ደግሞ የልብ ጉዳይ አለ። ሙስታንግ በመጀመሪያው ሞተሩ ከፍታ ላይ ሲወጣ ይደክም ነበር፤ ስፒትፋየርን የሚያበረው ሜርሊን ሞተር ሲገጠምለት ሌላ አውሮፕላን ሆነ። የጊታር ልቡ ፒክአፕ ነው፦ ማግኔት ላይ በሺህ ጊዜ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ። ሌስ ፖል እ.ኤ.አ. በ1957 ባለ ሁለት ጥቅሉ ሀምባከር ሲገባለት ያ የሚረብሽ እዝዝታ ለቀቀው።

ወደ አገራችን እንምጣ። ኤፍ-86 ሳበር የተባሉት ጄቶች እ.ኤ.አ. በ1960 አየር ኃይላችን እጅ ገቡ። በዚያው አሥር ዓመት ኤሌክትሪክ ጊታር በአዲስ አበባ ባንዶች መድረክ ላይ ቦታውን ያዘ፤ ከዚያ ወዲያም ሰላም ሥዩምን የመሰሉ ጊታሪስቶች በአይቤክስና በሮሃ ባንድ አስደመሙን። በ1969 ዓ.ም. ክረምት በኦጋዴን ሰማይ ከሚግ-21 ጋር የተፋለመው ኤፍ-5 ደግሞ ቀላልና ለጥገና የሚመች ጄት ነበር። አብራሪው ይወደሳል፣ ይገባዋልም፤ መሬት ላይ መፍቻ ይዞ የሚያድረውን ግን ማን ያስታውሰዋል?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ሆሳዕና የሚገባው። በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ ጊታር ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መዘምራን ነው። የእህቴ ልጅ እዚያ ሊድ ጊታር ይጫወታል። የመዘምራኑ ጊታር ያገለገለ ነው፤ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ይንጫጫል። ቀድሞ የሚጠግነው ሬዲዮ ሠሪ ወጣት ግን እንደ ብዙዎቹ የሀዲያና የከምባታ ልጆች ደቡብ አፍሪካ ሄዷል። ስለዚህ ምክሩ አንድ ሆነ፦ ደቡብ አፍሪካ ላሉት ደውሎ ለአዲስ ጊታር ብር ማሰባሰብ። የባሰው ደግሞ የእህቴ ልጅ ራሱ ስለ መንገዱ መጠየቅ ጀምሯል። እህቴ እንቅልፍ ያጣችው ለጊታሩ ብላ አይደለም።

እኔ አዲስ ጊታር አልገዛሁለትም። ካውያና ትንሽ መፍቻ ገዝቼ ላክሁለት፤ «ጋሼ፣ ይሄ ምን ያደርግልኛል?» አለኝ። ብሎኑን ፈትቶ ሲያየው ገመዱ የሚሰካበት ቦታ ላይ ብየዳው ለቋል። መልሶ በየደው፤ ጊታሩም ዘፈነ። አሁን ከሌላ አጥቢያ ሁለት ጊታር መጥቶለታል፤ ትንሽ ገንዘብም ያገኝበታል። መንገዱን እርግፍ አድርጎ ትቶታል አልልም። ግን ሲደውል ስለ ፒክአፕ ማውራት ጀምሯል።

ቤታችሁ ድምፁ የሚቆራረጥ ጊታር ካለ፣ ሳትጥሉት በፊት መሰኪያውን ክፈቱና ብየዳውን እዩ። አምፕሊፋየሩን ግን ለባለሙያ ተዉት፤ ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ከተረፉት ስፒትፋየሮች ዛሬ ብዙዎቹ ሙዚየም ነው ያሉት። ጊታር ግን ፈትቶ የሚገጥመው ልጅ አጠገቡ እስካለ ድረስ ገና ብዙ ዓመት ይሠራል።