ከሐኪም ቤት የወጣውን ሰው ማን ይከተለዋል?

ዛሬ ስለ አንጀት ልንጽፍ ነው። የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ስለ አንጀት ምን አገባቸው የሚል ቢኖር፣ ሕመምተኛው ከሐኪም ቤት ወጥቶ ቤቱ ሲገባ ጉዳዩ የሐኪሞች ብቻ መሆኑ ያበቃል ብለን እንመልሳለን። ምሳ ሰዓት ላይ የሚያነብ ካለም ይታገሠን።

ባለፈው ነሐሴ የአንድ ጓደኛችን አባት፣ የጎጃም ገበሬ፣ አንጀታቸው ተጠማዝዞ በድንገት ሐኪም ቤት ገቡ። ይህ ሕመም በአገራችን ገበሬዎች ዘንድ እንግዳ አይደለም። ሐኪሞቹ የሞተውን አንጀት ቆርጠው ጣሉና የጤነኛውን ጫፍ በሆዳቸው ቆዳ በኩል ወደ ውጭ አወጡት፤ ሰገራ በዚያ በኩል ወደ ከረጢት ይወርዳል። ስቶማ የሚባለው ይህ ነው። ሕይወታቸው ተርፏልና በሐኪሞቹ ላይ አንዲት ክፉ ቃል የለንም። በወጡበት ቀን ግን ጥቂት ከረጢቶች ተሰጧቸው፤ አንዲት ነርስ እንደ ቆመች በአምስት ደቂቃ አሳየቻቸው፤ የቀጠሮ ወረቀት ተጻፈላቸው፤ አበቃ።

ከረጢቶቹ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አለቁ። ከዚያ ወዲያ ፌስታልና ጨርቅ በመቀነት ማሰር ሆነ። በዙሪያው ያለው ቆዳ ተላጠ። ካልበላሁ አይወጣም ብለው ምግብ ቀነሱ። ከእድር ቀሩ፤ እሑድ እሑድም ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆመው ተሳልመው መመለስ ጀመሩ። ማንም አልከለከላቸውም፤ ራሳቸውን ከለከሉ እንጂ። ለልጃቸው «ሽታዬን እኔው አውቀዋለሁ» አሉት። ጓደኛችን ይህን የነገረን ማታ በመኝታ ክፍላችን፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነው።

እኛን ያናደደን ከዚህ መከራ ብዙው በጥቂት ዕውቀት የሚቀል መሆኑ ነው። ስቶማው ራሱ ሲነኩት አያምም፤ ቀይና እርጥብ መሆኑም የጤንነቱ ምልክት ነው፤ ቢጠቁር ግን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ከ6 እስከ 8 ሳምንታት መጠኑ እያነሰ ይሄዳል። እንግዲህ በመጀመሪያው ቀን ልክ የነበረው የከረጢቱ ቀዳዳ በአምስተኛው ሳምንት ሰፊ ይሆናል፤ በክፍተቱም ሰገራው ገብቶ ቆዳውን ይበላዋል። መድኃኒቱ ስቶማውን እንደገና ለክቶ ቀዳዳውን ከእርሱ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ብቻ አስፍቶ መቁረጥ ነው። ለማጠቢያ ለብ ያለ ውኃ ይበቃል። ነርሷ በዚያች ቀን ይህን ሁሉ ብትዘረዝርላቸውስ፣ ሆዱ ገና ያልደረቀለት የደነገጠ ሰው ምን ይሰማል? ትምህርቱ የሚያስፈልገው በአምስተኛው ሳምንት ነው፤ በአምስተኛው ሳምንት ደግሞ ሰውየው ያለው ቤቱ ነው!

በሌላው ዓለምም ነገሩ የተጀመረው ከቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 ኤሊሰ ሶረንሰን የተባለች ዴንማርካዊት ነርስ፣ እኅቷ ስቶማ ወጥቶላት ከሰው መካከል መግባት ስለ ፈራች፣ ቆዳ ላይ የሚጣበቅና ተጠቅመው የሚጥሉት ከረጢት አሰበች። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ በአሜሪካ በክሊቭላንድ ሩፐርት ተርንቡል የተባለው ሐኪም ኖርማ ጊልን ሌሎችን እንድታስተምር ቀጠራት። ጊል ነርስ አልነበረችም፤ ራሷ ስቶማ ያላት ሴት ነበረች። ከሦስት ዓመት በኋላ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ የዛሬዎቹ የስቶማ ነርሶች ሙያ ከዚያ የመጣ ነው።

ድኻ አገር ነን፣ ነርስ በየቤቱ ከየት ይመጣል የሚለውን ክርክር እናውቀዋለን። ታዲያ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ምንድን ነው? ከ30 ሺሕ የሚበልጡ ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው በየቀበሌው ቤት ለቤት እንዲዞሩ ተመድበዋል። በመጀመሪያዎቹ 16 የሥራ ክፍሎቻቸው ውስጥ ስለ ስቶማ የሚናገር አልነበረም። ሸክማቸው ከባድ መሆኑን አንክድም፤ ነገር ግን በአንድ ቀበሌ ስንት እንዲህ ያለ ሰው ይገኛል? ጥቂት ቀን ሥልጠና፣ ሐኪም ቤቱም ሕመምተኛውን ሲያሰናብት ለቀበሌው ጤና ኬላ አንድ ደብዳቤ ቢጽፍ፣ ከዚያም ሦስት ወይም አራት ጊዜ ቤቱ መሄድ። የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። ከረጢቱ ከውጭ የሚገባ ውድ ዕቃ መሆኑን ሥልጠና አይፈታውም፤ ይህን አንሸፋፍንም፤ እርሱ ለብቻው የሚያስጮኸን ጉዳይ ነው።

እስከዚያው ከእጃችን የማያልፍ ሥራ አለ። የሕክምና ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ከሥዕል ጋር አንድ ገጽ ይጻፉልን፤ ለመምህራኖቻቸውም ያሳዩት። እኛ ገበሬ በሚሰማው አማርኛ እናቃናዋለን፤ ኦሮምኛና ትግርኛ የሚያውቁ ጓደኞቻችን ይመልሱታል፤ ማኅበራችንም ይህን መጽሔት በሚያባዛበት መሣሪያ ያባዛው። አንጀታቸው ተመልሶ የሚገጠምበት ቀጠሮ ለመጋቢት ነው፤ ጓደኛችን ግን ለገና ወደ ጎጃም ይሄዳል። ወረቀቱ ከዚያ በፊት እንዲደርስለት እንፈልጋለን።