መብራት ሲጠፋ ፍሙ ከደጅ ይደር

እንደሚታወቀው በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ የሚኖር ቤተሰብ ክረምትን የሚቀበለው በደስታም በሥጋትም ነው። ደስታው ለገበሬው ማሳ፣ ለምንጩና ለግድቡ ነው። ሥጋቱ ደግሞ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ነጎድጓዱ አጓርቶ፣ በረዶው ቆርቆሮውን ደብድቦ ወዲያው መብራቱ ድርግም ሲል ይመጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ይልቁንም በሐምሌና በነሐሴ፣ መብራት ለደቂቃዎች ብቻ ሳይሆን ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ሊጠፋ ይችላል። በዚያን ጊዜ ራት የሚጠብቁት ልጆች፣ ሳይጋገር የቀረው ሊጥ፣ በማቀዝቀዣ ያለው ሥጋና የቤቱ ብርድ ሁሉም በአንድነት መፍትሔ የሚጠይቁት እናትን ነው።

«ግድቡ ሞልቶ ሳለ መብራት ለምን ይጠፋል?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ከ5 ሺህ ሜጋ ዋት በላይ ኃይል የማመንጨት አቅም አለው። ይሁንና ኃይል መመንጨቱ አንድ ነገር፣ ተጉዞ ከቤታችን መድረሱ ሌላ ነገር ነው። በመንገዱ ላይ የእንጨት ምሰሶ አለ፤ ዝናብ ያራሰው አፈር ሲላላ ያዘነብላል። ባሕር ዛፍ አለ፤ ነፋስ ሲጥለው ሽቦውን ይዞ ይወርዳል። ትራንስፎርመር አለ፤ መብረቅ ሲመታው ይቃጠላል። ስለዚህ ግድቡን የሚሞላው ዝናብ ራሱ መስመሩን ይበጥሳል ማለት ነው። ይህን አውቆ ቤትን አስቀድሞ ማዘጋጀት ያሻል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።

ከጨለማው ይልቅ እሳቱ

ጨለማ ያስቸግራል እንጂ ሰው አይገድልም። የሚያሠጋው ጨለማውንና ብርዱን ለማባረር ወደ ቤት የምናስገባው እሳት ነው። ከሁሉም በላይ የሚያሠጋው ደግሞ ከሰል ነው።

በብዙ ቤት የተለመደ አንድ እምነት አለ። ይኸውም ከሰሉ በደጅ ተቀጣጥሎ፣ ጢሱ አልቆ፣ ቀልቶ ፍም ከሆነ በኋላ ወደ መኝታ ቤት ቢገባ አይጎዳም የሚለው ነው። ይህ እምነት ፈጽሞ የተሳሳተ ነው። የሚጎዳው የምናየው ጢስ ብቻ አይደለም። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል። ጋዙ ቀለም የለውም፤ አይሸትም፤ ዓይንም አያስለቅስም። ወደ ሳንባ ሲገባ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ክፍል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ጥብቀት ይይዘዋል። በዚህ ምክንያት ደሙ እየተዘዋወረ ሳለ አንጎልና ልብ አየር ያጥራቸዋል። የነቃ ሰው ራሱን ሲያመው ተነሥቶ ሊወጣ ይችላል። የተኛ ሰው ግን ሕመሙ ሳይሰማው ከእንቅልፍ ወደ ሞት ሊሸጋገር ይችላል።

አመድ አልብሶ መዳፈንም አደጋውን አያስቀርም፤ የተዳፈነ ፍም ቀስ ብሎ መንደዱን አያቆምምና። መስኮት ጥቂት ገርበብ ማድረግም በቂ መከላከያ አይደለም።

በተለይ የአራስ ቤት ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። አራሷን ብርድ እንዳይመታት በሩ ይዘጋል፤ ቀዳዳው በጨርቅ ይወተፋል፤ ምድጃው ከአልጋው ግርጌ ይቀመጣል። ይህ ሁሉ የሚደረገው በፍቅር ነው። ነገር ግን እንዲህ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፍም ማኖር እናቲቱንና ጨቅላውን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ለጨቅላ ሕፃን ከእናቱ ገላ የሚበልጥ ማሞቂያ የለም። ልብሱ ወልቆ በእናቱ ደረት ላይ ሲታቀፍና ከላይ ጋቢ ሲደረብለት ሙቀቱ ይጠበቃል። ለአራሷም ለሌላውም ሰው ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልቶ፣ በደንብ ከድኖና በጨርቅ ጠቅልሎ ከእግር ሥር ማኖር ይቻላል። ትልልቆቹ ልጆች በአንድ አልጋ ተጠጋግተው ቢተኙ ይሞቃቸዋል። ፍሙ ግን ከደጅ ይደር። ጄኔሬተር ያለውም ቤተሰብ እንዲሁ ከቤት ውጭ፣ ከበርና ከመስኮት አርቆ ሊያኖረው ይገባል።

ምልክቱን ማወቅም ይጠቅማል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ዋናዎቹ ናቸው። አንዳንዱ «ምች መታኝ»፣ ሌላው «ቡና ስላልጠጣሁ ነው» ይላል። በአንድ ክፍል ያሉ ሁለት ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ግን ከሰሉን መጠርጠር ይገባል። በዚህ ጊዜ በርና መስኮቱን ከፍቶ ሁሉንም ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ቀጥሎም ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ማድረስ ነው። የተሻለው የመሰለ ሰው እንኳ መታየት አለበት። ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም ሆነ ውሃ በአፉ ማፍሰስ አይገባም፤ ሊያንቀው ይችላል።

ስለ ብርሃን

ዛሬ በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ፋኖስና የእጅ ባትሪ በየገበያው ስለሚገኝ፣ አቅም እስከፈቀደ ድረስ ከሻማና ከኩራዝ እነዚህ ይመረጣሉ። ባትሪው ሁልጊዜ በአንድ በታወቀ ቦታ ይቀመጥ፤ ከቤተሰቡ ማንም በጨለማ ዳብሶ ሊያገኘው ይገባል። የእጅ ስልክም ደመናው መክበድ ሲጀምር ይሞላ።

ሻማ የሚያበራ ቤተሰብ ሻማውን አሸዋ በያዘ የሸክላ ወይም የብረት ዕቃ ውስጥ ያቁመው፤ ከመጋረጃና ከአልጋ ልብስ ያርቀው። ኩራዝ ላይ ላምባ የሚጨመረው ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ቤንዚን ግን በምንም ምክንያት አይጨመርም። ሁለቱም ቢሆኑ ሰው ሲተኛ ይጥፉ።

ስለ ምግብና ስለ ውሃ

ማቀዝቀዣ ሳይከፈት ከቆየ መብራት ከጠፋ በኋላ ለ4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይጠብቃል። ማበረጃው ክፍል የራሱ በር ያለውና የሞላ ከሆነ እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ ከሆነ እስከ 24 ሰዓት ያቆያል። ስለዚህ ልጆች በየጊዜው እንዳይከፍቱት መንገር ነው። ሰዓቱ ሳያልፍ ጥሬው ሥጋ አስቀድሞ ይሠራ። በክረምት አየሩ እርጥብ በመሆኑ ቋንጣ ለማድረግ መሞከር ለሻጋታ መዳረግ ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በቤት ካለ መድኃኒቱ ከምድጃ ርቆ በቀዝቃዛና ጥላ ባለበት ቦታ ይቀመጥ። ማቀዝቀዣ ስለጠፋ ወዲያው ተበላሸ ማለት ስላልሆነ፣ ከመጣሉ በፊት የጤና ባለሙያ ይጠየቅ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት በላይ የሚፈልግ ስለሆነ ያለ መብራት የሚታሰብ አይደለም። ሊጡ አብሲት ያልገባለት ከሆነ በላዩ ያቀረረውን ውሃ ደፍቶ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ መተካት ኮምጣጤነቱን ይቀንሳል። በእንጨት የሚጋገርበት ምጣድ ያላት ጎረቤት ካለችም እንጨት አዋጥቶ በጋራ መጋገር ነው። በዚህ ላይ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ከሰኔ በፊት ተዘጋጅተው ከተቀመጡ ልጆች ሳይርባቸው ያድራሉ።

መብራት ሲጠፋ የውሃ መግፊያ ሞተርም ስለሚቆም ጀሪካኖች ታጥበውና ተሞልተው ይጠብቁ። የደፈረሰ ውሃ ከጠለለ በኋላ ይፈላ። እንደ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ፣ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ መቆየት አለበት።

ነጎድጓድ ሲጀምር

ብልጭታው ከታየ በኋላ ድምፁ እስኪሰማ መቁጠር ለልጆችም የሚሆን ጥሩ ትምህርት ነው። በየ3 ሰከንዱ መብረቁ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ቆጠራው 30 ሳይደርስ ነጎድጓዱ ከተሰማ መብረቁ ቅርብ ስለሆነ ወደ ቤት መግባት ያስፈልጋል፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ዛፍ ሥር መጠለል አደገኛ ነው። ከብረት የልብስ ማስጫ ሽቦ ላይ ልብስ ለማንሣት መሮጥም እንዲሁ አደገኛ ነው፤ ልብሱ ቢበሰብስ ይደርቃል። ቴሌቪዥኑና ማቀዝቀዣው ነጎድጓዱ ከመቅረቡ በፊት ከሶኬት ይነቀሉ።

የተበጠሰ ሽቦ መሬት ላይ ወድቆ ከታየ መብራት የጠፋ ቢመስልም ኮረንቲ ሊኖረው ይችላል። ቢያንስ 10 ሜትር ርቆ፣ ልጆችንና ከብቶችን ከልክሎ፣ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 መደወል ነው። በእንጨት ልግፋው ማለት አይገባም፤ የራሰ እንጨት ኮረንቲ ያስተላልፋል። መብራቱ ሲመለስም ሁሉን በአንድ ጊዜ ከመሰካት፣ አምፖሉ ሳይዋዥቅ 10 ደቂቃ ያህል መብራቱን አይቶ ማቀዝቀዣውን፣ ከዚያም ምጣዱን ማብራት ይበጃል።

ሥራው የማን ነው?

ይህ ሁሉ ዝግጅት በአንዲት እናት ትከሻ ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም። ባል ከሰኔ በፊት የቆርቆሮውን ምስማርና አሸንዳውን ይመልከት፤ ከሽቦው የተጠጋ ቅርንጫፍ ካለ ራሱ ከመቁረጥ ይልቅ ለሚመለከተው ያመልክት። ከልጆች አንዱ ባትሪና ፋኖስ መሙላቱን፣ ሌላው ጀሪካን መሞላቱን በኃላፊነት ይያዝ። ማታ ማታ ፍሙ ከደጅ ማደሩን የሚያረጋግጥ አንድ ሰው በየቤቱ ይመደብ።

ከአጥር ባሻገርም ማሰብ ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት፣ መውለጃዋ የደረሰ ነፍሰ ጡር፣ አዲስ አራስ በሠፈሩ ካሉ መብራት በጠፋበት ማታ በራቸውን ማንኳኳት ጉርብትና ነው። እድርተኞች በሚሰበሰቡበት ቀን ስለ ከሰሉ አደጋ ቢነጋገሩ ደግሞ በአንድ ጊዜ ብዙ ቤት ይጠበቃል። እድር የተቋቋመው ለቀብር ብቻ አይደለምና፣ ቀብርን ለማስቀረትም ይጠቀሙበት።

የቀረው ጊዜ ለልጆች ይሁን። ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ቴሌቪዥኑ ዝም ባለበት የክረምት ምሽት አያት ተረት ቢያወሩ፣ ልጆች «እንቆቅልህ» ቢባባሉ ጨለማው ያጥራል። ከመተኛታችሁ በፊት ግን አንዳችሁ ተነሥታችሁ ምድጃው የት እንዳደረ ተመልከቱ።