ከአዲሱ ወንዝ ማዶ የቀሩ መንደሮች

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 2024 በስፔን ቫለንሲያ አውራጃ የደረሰው ጎርፍ ከ220 በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ የዓለም ቴሌቪዥኖች ደጋግመው ያሳዩት እርስ በርስ ተደራርበው መንገድ የዘጉ መኪኖችን ነበር። ምስሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ብዙ አያስረዳም። እኔ ዛሬ ላነሳ የፈለግሁት ካሜራው ብዙም ያልቆየባቸውን፣ በከተማዋ ደቡባዊ ጫፍ የሚገኙትን መንደሮች ጉዳይ ነው። ላ ቶሬ፣ ካስቴያር-ኦሊቬራልና ኦርኖ ደ አልሴዶ ይባላሉ። በካርታም ሆነ በግብር የቫለንሲያ ከተማ አካል ናቸው። ይሁን እንጂ በዚያች ምሽት መሀል ከተማው እግሩ ሳይረጥብ ሲያድር እነርሱ በጭቃ ተውጠው አደሩ። ለመሆኑ አንዲት ከተማ እንዴት ለሁለት ተከፍላ ትሰጥማለች?

ከሦስቱ ትንሿን ኦርኖ ደ አልሴዶን እንመልከት። ነዋሪዋ ከአንድ ሺህ በጥቂቱ ቢበልጥ ነው። ስሟ «የአልሴዶ ምድጃ» ማለት ሲሆን፣ ኦርኖ የሚለው ቃል የእኛ ፉርኖ ዳቦ ስሙን ካገኘበት የጣልያንኛ ቃል ጋር የአንድ እናት ልጅ ነው። ዙሪያዋን ያለው ስፔኖች «ሁዌርታ» የሚሉት የመስኖ እርሻ ነው፤ ትናንሽ ማሳ፣ አትክልት፣ በመሀል የሚሄዱ ጠባብ ቦዮች። የቦዮቹ መሠረት ሙስሊሞች አካባቢውን ያስተዳድሩ በነበረበት ዘመን የተጣለ ነው። ዛሬም በየሳምንቱ ሐሙስ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ የስምንት ቦዮች ዳኞች በካቴድራሉ በር ላይ ተሰይመው፣ ያለ ጽሑፍና ያለ ጠበቃ፣ የውኃ ክርክር በቃል ሰምተው ይፈርዳሉ። ይህን ሸንጎ ዩኔስኮ በ2009 በቅርስነት መዝግቦታል። ቱሪስቱ ፎቶ ያነሳዋል። ገበሬው ግን ለፎቶ አይደለም የሚመጣው።

የመንደሮቹ አስተዳደራዊ ደረጃ «ፔዳኒያ» ይባላል። የራሳቸው ተመራጭ ምክር ቤት የላቸውም። የመንደሩ ተጠሪ የሚሾመው በከተማዋ ከንቲባ ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ቀጥሎ ለምተርከው ሁሉ ቁልፉ እርሱ ይመስለኛል።

ነገሩ የሚጀምረው በሌላ ጎርፍ ነው። ኦክቶበር 14 ቀን 1957 በመሀል ቫለንሲያ ያልፍ የነበረው የቱሪያ ወንዝ ሞልቶ ከተማዋን አጥለቀለቀ፤ ቢያንስ 81 ሰዎች ሞቱ። የጄኔራል ፍራንኮ መንግሥት መፍትሔ ብሎ የመረጠው ወንዙን ራሱን ከከተማው ማስወጣት ነበር። «የደቡብ ዕቅድ» የተባለው ይህ ሥራ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት፣ 200 ሜትር ገደማ ስፋት ያለውና በሴኮንድ 5,000 ሜትር ኩብ ውኃ እንዲያሳልፍ የታሰበ አዲስ የወንዝ መውረጃ ቆፈረ። ሥራው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተጠናቀቀ። አሮጌው የወንዝ ወለል ደግሞ ዛሬ የከተማዋ ኩራት የሆነው የቱሪያ መናፈሻ ሆነ።

እንግዲህ ጥያቄው አዲሱ ወንዝ በየት አለፈ የሚለው ነው። ያለፈው በገበሬው ማሳ ላይ ነው። ቤቶች ፈረሱ፣ መሬት ተወረሰ፣ ቦዮች ተቆረጡ። ዘመኑ አቤት የሚባልበት አልነበረም። ትናንት ከቫለንሲያ ጋር በእርሻ መንገድ የተያያዙ መንደሮች በአንድ ትውልድ ውስጥ ከኮንክሪት ወንዝና ግራና ቀኙን ከሚሄደው አውራ ጎዳና ማዶ ቀሩ። ከተማው ወንዙን ሲያባርር የአባረረው ወደ እነርሱ ነው።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ከአደጋው በኋላ «አዲሱ ወንዝ ነው መንደሮቹን ያሰጠመው» የሚል ወሬ በሰፊው ተነዝቶ ነበር። ይህ ትክክል አይደለም። በ2024 ቱሪያ ውኃውን በመውረጃው ይዞ ባሕር ገብቷል፤ ግንባታው የተሠራለትን ሥራ ሠርቷል። ደቡቡን የመታው ሌላ ነው፦ አብዛኛውን ዓመት ደርቆ የሚከርመው የፖዮ ሸለቆ። በቱሪስ ከተማ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ770 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ተመዝግቧል፤ አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ከግማሽ የሚበልጥ መሆኑ ነው። ያ ውኃ ፓይፖርታንና ጎረቤቶቿን ጠራርጎ ወደ ምሥራቅ ተዘረጋ። የአዲሱ ወንዝ አጥርና አውራ ጎዳናው ደግሞ ወደ ሰሜን፣ ወደ መሀል ከተማው እንዳይሻገር አገዱት። በዚህ በኩል ያለው ዳነ፤ በዚያ በኩል ያለው ውኃውን ተቀበለ። ስለዚህ አዲሱ ወንዝ ጎርፉን አላመጣባቸውም፤ ነገር ግን ከተማው ራሱን ለመጠበቅ ያሰመረው መሥመር እነርሱን ውጪ አስቀርቷቸዋል። ሁለቱ የተለያዩ ክሶች ናቸው፤ እኔ የምቀበለው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ክስ የሚከብደው ለሰሜኑ ግድግዳ የተገኘው ገንዘብና ቁርጠኝነት ለደቡቡ ስላልተገኘ ነው። የፖዮን ሸለቆ ለመግራት በወረቀት ላይ ዕቅድ ተዘጋጅቶ ነበር። ማዕከላዊ መንግሥቱ በሶሻሊስቶችም በወግ አጥባቂዎችም እጅ ሲቀያየር ዋናው ሥራ ሳይሠራ ዓመታት አለፉ። በመሀሉ ሸለቆው ሊሞላበት በሚችለው ሜዳ ላይ ቤት፣ መጋዘንና የገበያ ማዕከል ተሠራ።

የዕለቱ ሁኔታ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤቱ ቀይ ማስጠንቀቂያ የሰጠው በጠዋት ነው። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ55 ላይ በፖዮ የተተከለው መለኪያ በሴኮንድ ከ2,280 ሜትር ኩብ በላይ መዝግቦ ራሱም በጎርፉ ተወሰደ። የክልሉ መንግሥት ወደ ነዋሪው ስልክ የአደጋ መልእክት የላከው ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ላይ ነው። በመካከሉ ከአንድ ሰዓት ከሩብ በላይ አለ። በላ ቶሬና በአካባቢዋ ዝናብ እንኳ በቅጡ አልጣለም ነበር፤ ሰማይ ሳያስጠነቅቃቸው መንግሥትም ሳያስጠነቅቃቸው፣ መኪናቸውን ለማዳን ምድር ቤት ወደሚገኝ ጋራዥ የወረዱ ሰዎች በዚያው ቀሩ። የክልሉ ፕሬዚዳንት ካርሎስ ማሶን ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከአንዲት ጋዜጠኛ ጋር ረዥም ምሳ ላይ እንደነበሩ በኋላ ታወቀ። ወራት ሙሉ ጣታቸውን ወደ ማድሪድ ሲቀስሩ ቆይተው በኖቬምበር 2025 ሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ። አንድ ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

ጎርፍ ግን የእነዚህ መንደሮች ብቸኛ ጠላት አይደለም፤ እንዲያውም ተደጋጋሚው ሌላው ነው። እዚያው አጠገብ ላ ፑንታ የምትባል መንደር ነበረች፤ ከፊሏ ዛሬም አለች። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የቫለንሲያ ወደብ የዕቃ ማከማቻ ቦታ ያስፈልገኛል ብሎ ገበሬዎቹ ተነሡ፣ ቤታቸው ፈረሰ፣ ለም መሬት ተደለደለ። ከዚያስ? መሬቱ ከአሥር ዓመት በላይ ባዶውን ተቀመጠ። ፍርድ ቤት ዕቅዱን ሕገወጥ ብሎ ሻረው። ነገር ግን የፈረሰ ቤትና የተደለደለ ቦይ በፍርድ አይመለስም። በላ ቶሬም በዚያው ዘመን «ሶሲዮፖሊስ» የተባለ፣ እርሻንና አፓርታማን አስታርቃለሁ የሚል ውብ ንድፍ ወጣ። የ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ ሲመጣ ንድፉ በከፊል ተሠርቶ ቆመ።

የሁዌርታ ጥበቃ ሕግ የወጣው በ2018 ነው። ዓለም አቀፉ የምግብና የእርሻ ድርጅትም በ2019 ይህን የመስኖ እርሻ የዓለም የግብርና ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። መልካም ነው። ቫለንሲያም በዚያው በ2024 የአውሮፓ አረንጓዴ መዲና የሚል ማዕረግ ተሸክማ ነበር። ታዲያ ማሳን በሕግ መጠበቅና ማሳው አጠገብ የሚኖረውን ሰው ከጎርፍ መጠበቅ ለምን ሁለት የማይገናኙ ሥራዎች ሆኑ? እኔ የማገኘው መልስ ቀደም ብዬ የጠቀስኩት ነው። መሬቱ ተከራካሪ አለው፤ ወደቡ፣ ኮንትራክተሩ፣ የአካባቢ ተቆርቋሪው። አንድ ሺህ ነዋሪ ያላት፣ ተጠሪዋ ከላይ የሚሾምላት መንደር ግን በስምንት መቶ ሺህ ሕዝብ ከተማ ውስጥ ምርጫ አታሸንፍም፣ አታሸንፍበትምም።

ከአደጋው በኋላ በነበሩት ቀናት በሺህ የሚቆጠሩ የከተማዋ ነዋሪዎች፣ በተለይ ወጣቶች፣ መጥረጊያና አካፋ ተሸክመው በእግረኛ ድልድይ አዲሱን ወንዝ እየተሻገሩ ወደ ላ ቶሬ ጎረፉ። ብዙዎቹ ይህን ወንዝ በእግራቸው ሲሻገሩ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም። ድልድዩ ከዚያ በኋላ «የአጋርነት ድልድይ» ተብሏል። ወታደሩና ሹሙ ከመድረሳቸው በፊት ጭቃውን መጥረግ የጀመሩት እነርሱ ነበሩ፤ «ሕዝብን የሚያድነው ሕዝብ ብቻ ነው» የሚለው መፈክርም ያኔ ነው በየግድግዳው የተጻፈው። መፈክሩን ፀረ ዲሞክራሲ ቡድኖችም ለራሳቸው ጥቅም እንደተጠቀሙበት መዘንጋት አይገባም።

አሁን ያለው ክርክር ፖዮን ወደ የት እናውርደው የሚል ነው። ከአማራጮቹ አንዱ የሸለቆውን ትርፍ ውኃ በእርሻው መሀል ቆፍሮ ወደ አዲሱ ቱሪያ ማገናኘት ነው። ይህ ከሆነ ደግሞ አካፋው የሚያርፈው በዚያው በመስኖ እርሻው ላይ ነው። የሚቆፈረው የትኛው ማሳ እንደሆነና ካሳው ስንት እንደሆነ ሲወሰን ኦርኖ ደ አልሴዶን የመሰሉ መንደሮች በጠረጴዛው ዙሪያ ይቀመጣሉ ወይስ በ1960ዎቹ እንደሆነው ቆፋሪው መኪና ደጃፋቸው ሲደርስ ይሰማሉ?