ውጤቱን ለእኔው ንገሩኝ

ስልክ በግራ ጆሮዬ ማነጋገር ካቆምኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። መጀመሪያ «እማዬ፣ ጮክ በይ እንጂ፣ ድምፅሽ አይሰማኝም!» እያልኩ ኔትወርኩን እወቅስ ነበር። አንድ ቀን ስልኩን ወደ ቀኝ ሳዞረው ድምጿ አጠገቤ የተቀመጠች ያህል ጥርት አለልኝ። ያኔም ኩክ ነው ብዬ ዘይት አሙቄ አንጠባጠብኩበት፤ ሌሊት ሌሊት ጭው የሚለውን ደግሞ በድካም አሳበብኩ። በአንድ ጆሮው ብቻ መስማት የቀነሰበት ሰው እንደኔ ዓመት ሙሉ ባይዘናጋ ደስ ይለኛል።

ባለፈው ሳምንት ሐኪም ቤት፣ ለመስማት ምርመራ ጠባብ ክፍል ውስጥ ማዳመጫ አጥልቄ፣ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ቁልፍ ተጫንኩ። በቀኝ በኩል ጣቴ ሥራ አልፈታም፤ በግራው ተራ ግን እጄን ይዤ ተቀመጥኩ። ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ የተራራቁትን ሁለት መስመሮች አሳየኝና «በአንድ ወገን ብቻ ስለሆነ ኤምአርአይ ተነሺ» አለኝ። አኩስቲክ ኒውሮማ የሚባል የነርቭ ዕጢ እንዳይሆን ነው ስጋቱ። በዚህ ምክንያት ተመርምረው ዕጢው የሚገኝባቸው ጥቂቶች መሆናቸውንም ነገረኝ።

ስንወጣ አብሮኝ የመጣው ታናሽ ወንድሜ በግራዬ በኩል ወደ ሐኪሙ ተጠግቶ አንሾካሾከ፤ «ዶክተር፣ ከባድ ነገር ከሆነ ለእኔ ይንገሩኝ፤ ለእሷ እንዳይነግሯት።» ቀኝ ጆሮዬ ደህና መሆኑን ዘንግቶታል።

አልተቀየምኩትም። እኛ ዘንድ መርዶ እንኳ ዘመድ ተማክሮበት፣ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው። አባታችን ምን እንደያዘው ሳያውቅ ነው ያረፈው፤ ከደባቂዎቹ አንዷ እኔ ነበርኩ። ለእሱ ያዘንን መስሎን ነበር። ዛሬ በእሱ ቦታ ስቆም ግን ምን እንደነፈግነው ይታየኛል።

የሚጠረጠረው ዕጢ ካንሰር አይደለም። የሰውነትን ሚዛን ከሚያስተዳድረው ነርቭ ሽፋን ይነሣና አብዛኛውን ጊዜ በዓመት አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ ባለበት የሚቆምም አለ። በጣም ካደገ ግን የአንጎልን ግንድ ይጫናል። የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ ሃርቬይ ኩሺንግ እ.ኤ.አ. በ1917 ስለዚህ ዕጢ መጽሐፍ ሲያሳትም ቀዶ ሕክምናው ራሱ ብዙዎችን ይገድል ነበር። ዛሬ አብዛኛው ሰው በሕይወት ይወጣል፤ ጭንቁ የመስማት፣ የፊትና የሚዛን ሆኗል።

የሕክምናው መንገድ ሦስት ነው። ትንሽ ከሆነ በየጊዜው ኤምአርአይ እየተነሡ መጠበቅ አለ። የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ ላርስ ሌክሴል እ.ኤ.አ. በ1969 ስቶክሆልም ላይ ለዚህ ዕጢ የጀመረው የጨረር ሕክምና አለ፤ ዕጢውን ባያወጣውም እድገቱን ይገታል ተብሎ ይሰጣል። ሦስተኛው ቀዶ ሕክምና ነው። ከጆሮ ጀርባ አጥንት ሰርስሮ በውስጠኛው ጆሮ የሚያልፈው ዘዴ የፊት ነርቭን ለሐኪሙ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ በዚያ ጆሮ የተረፈውን መስማት ግን ይወስዳል። የፊት ነርቭ ከዕጢው ጎን ስለሚያልፍ፣ ከተነካ ፊት ይጣመማል፤ ዐይን አልከደን ይላል።

ለመምህር፣ ለዘማሪ፣ ለሹፌር የዚህ ምርጫ መልስ አንድ አይሆንም። በግራ ጆሮዬ የቀረችኝ ጭላንጭል ለእኔ ምን ያህል ዋጋ እንዳላት ወንድሜ በምን ያውቃል? ሐኪሙስ ሳይጠይቀኝ እንዴት ይገምታል? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያልን ታማሚን እንመክራለን። ምክሩ ለአስታማሚም ይሁን። ከእኔ በተደበቀ በሽታ ላይ እኔ ልመርጥ አልችልም።

ኤምአርአዩ ሐሙስ ነው። ውጤቱ ሲነገር ወንድሜ አብሮኝ እንዲገባ ለምኜዋለሁ፤ እሺ ብሎኛል። ሐኪሙ በቀኜ፣ እሱ በግራዬ ይቀመጣሉ። ያመለጠኝ ቃል ቢኖር ወንድሜ ጮክ ብሎ ይደግምልኛል።